«ሰቀጢሳ አለህ?»፦ የፋርማሲስት ፈቃድ ከየት መጣ?



ቤታችሁ ውስጥ ፋርማሲ የሚማር ሰው ካለ ይህችን አነጋገር ሳትሰሙ አትቀሩም፦ «አምስት ዓመት ሙሉ ለፍተህ ክኒን ልትቆጥር?» ሕክምና የገባው ጓደኛው ይቀልድበታል። ሱቅ ያለው አጎቱ ደግሞ «እኔ አንድ ቀን ሳልማር ይኸው ሃያ ዓመት ነገድኩ፤ መሸጥ ምን ትምህርት ያሻዋል?» ይለዋል። ልጁም ፈተና ሲደራረብበት ማታ ማታ ራሱን ይጠይቃል፦ እውነት ለምንድን ነው ይህን ሁሉ የምማረው?

ዛሬ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አንድ የቆየ ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ወደ 1,200 ዓመት ይጠጋዋል። መድኃኒት ሻጮች ተፈትነው በጽሑፍ ፈቃድ እንደተሰጣቸው ከሚነግሩን ቀደምት ወሬዎች አንዱ ነው። የሚገርመው ግን ፈተናውን ያለፉት መልሱን የሚያውቁት አልነበሩም።

ጊዜው 221 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. 836 ነው። ኸሊፋው የሃሩን አር-ረሺድ ልጅ አል-ሙዕተሲም ነው። በአዘርባይጃን ተራሮች ባበክ የሚባል ሰው ካመፀ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በየጊዜው የተላከበት ጦር ሁሉ አልቻለውም። አሁን የዘመተበት የጦር አዛዥ አፍሺን ይባላል። ከመካከለኛው እስያ፣ ኡሽሩሰና ከምትባል አገር የመጣ የመሳፍንት ልጅ ነው።

የያኔ የጦር ሰፈር ማለት ተንቀሳቃሽ ከተማ ነው። ወታደሩ በሄደበት ዳቦ ጋጋሪው፣ አንጥረኛው፣ የፈረስ መኖ ሻጩ ይከተላል። መድኃኒት ሻጩም ይከተላል። ከተማ ውስጥ መጥፎ መድኃኒት የሸጠን ሰው ቢያንስ ጎረቤት ያውቀዋል፤ በማግስቱ ደጁ ላይ ይቆሙበታል። ጦር ሰፈር ውስጥ ግን ሻጩ ድንኳኑን ነቅሎ ሲሄድ ገዢው ቆስሎ ተኝቷል። ማን ይጠይቀዋል?

አፍሺን በሰፈሩ ያሉት ነጋዴዎች በሙሉ ከነሥራቸው ተመዝግበው እንዲቀርቡለት አዘዘ። ዝርዝሩ እየተነበበለት መድኃኒት ሻጮቹ ጋ ሲደርስ አስቆመና ወደ ሐኪሙ ወደ ዘከሪያ ኢብን አጥ-ጠይፉሪ ዞረ። ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የእነዚህ ጉዳይ ይበልጥብኛል አለው፤ ፈትናቸውና ቅኑን ከአታላዩ፣ ዲን ያለውን ከሌለው ለይልኝ።

ዘከሪያ በቀጥታ አልመለሰም፤ ታሪክ ነገረው።

በኸሊፋው በአል-መእሙን ዘመን ዩሱፍ ለቅዋ የሚባል የኪሚያ ሰው ቤተ መንግሥት ይመላለስ ነበር። ኪሚያ የኬሚስትሪ አያት ነው፤ ተራ ብረት ወርቅ ይሆን እንደሆነ እየሞከሩ ብዙ ሰዎች ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ጥበብ። አል-መእሙን ስለ ጥበቡ ሲጠይቀው ዩሱፍ የኪሚያ መቅሰፍት መድኃኒት ሻጮች ናቸው አለው። እንዴት ቢባል፣ መድኃኒት ሻጭ ምንም ዕቃ ብትጠይቀው፣ ኖረውም አልኖረውም፣ የለኝም አይልም፤ ከሱቁ የሆነ ነገር አንስቶ «ያልከው ይኸው» ብሎ ይሰጥሃል። ከፈለግክ በዓለም ላይ የሌለ ስም ፈጥረህ ሰው ላክና ሞክራቸው።

አል-መእሙን ነገሩ ደስ አለው። ስሙን ራሱ መረጠ፦ «ሰቀጢሳ»። ሰቀጢሳ መድኃኒት አይደለም፤ ባግዳድ አካባቢ ያለ የእርሻ ቦታ ስም ነው። በአዲስ አበባ ቋንቋ «ሱሉልታ አለህ?» ብሎ ፋርማሲ እንደመግባት ቁጠሩት። ኸሊፋው ብዙ መልእክተኞች ወደየሱቁ ላከ። ሁሉም ሻጮች አለን አሉ። ሁሉም ገንዘቡን ተቀበሉ። መልእክተኞቹ ሲመለሱ አንዱ የሆነ ዘር ይዟል፣ ሌላው የድንጋይ ስባሪ፣ ሌላው የእንስሳ ጸጉር። ሱብሐነላህ! አንድም ሻጭ «ይህን አላውቀውም» አላለም።

አፍሺን ታሪኩን ሰምቶ ዝም አላለም። የአገሩን የኡሽሩሰናን መዝገብ አስመጣና ሃያ የሚሆኑ ስሞች አወጣ። ሰዎቹን በየድንኳኑ እየላከ በእነዚህ ስሞች መድኃኒት እንዲጠይቁ አደረገ። እዚህ ላይ ግን ውጤቱ ከባግዳዱ ተለየ። አንዳንዶቹ አናውቀውም አሉ። ሌሎቹ እናውቀዋለን ብለው ዲርሃሙን ተቀብለው ከሱቃቸው ያገኙትን ሰጡ። አፍሺን ሁሉንም ሰበሰባቸው። አናውቀውም ላሉት በሰፈሩ እንዲቆዩ የሚፈቅድ ጽሑፍ ተጻፈላቸው። እናውቀዋለን ያሉት ተባረሩ፤ ተመልሶ የተገኘ ደሙ ከንቱ እንደሆነ አዋጅ ተነገረ። ከዚያም አፍሺን ለኸሊፋው ደብዳቤ ጽፎ ዲን ያላቸው፣ ጠባያቸው የተመሰገነ መድኃኒት አዋቂዎችና ሐኪሞች እንዲላኩለት ጠየቀ። አል-ሙዕተሲምም ወደደለት።

(አፍሺን ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከስሶ እስር ቤት ውስጥ ሞቷል። ያ ሌላ ረጅም ታሪክ ነው፤ ሌላ ቀን ኢንሻአላህ።)

ይህን ወሬ ጽፎ ያቆየልን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደማስቆ የኖረው ሐኪም ኢብን አቢ ኡሰይቢዐ ነው፤ የሐኪሞችን የሕይወት ታሪክ የሰበሰበበት ትልቅ መጽሐፍ አለው። የባለ ታሪኩ የዘከሪያ ቃል ነው ብሎ ነው የሚያስተላልፈው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በየገጹ «ሙስሊሞች በዓለም የመጀመሪያውን የፋርማሲ ላይሰንስ ፈጠሩ» የሚሉ ጽሑፎች ታያላችሁ። እንደዚያ ስናጋንን ታሪኩን እንጎዳዋለን። በአንድ ጦር ሰፈር የተደረገ ፈተና ነው እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይቋረጥ የዘለቀ የፈተና ቢሮ አልተቋቋመም። ቁም ነገሩ ፈቃዱ የተሰጠው ለማን ነው የሚለው ነው። «አላውቀውም» ላለው ሰው ነው የተሰጠው። ኢማም ማሊክ ከሩቅ አገር ተጉዞ ለመጣ ጠያቂ ለብዙዎቹ ጥያቄዎች «አላውቅም» ብለው እንደመለሱ ቂርአት ቤት የተማራችሁ ሰምታችኋል። ያው አደብ ነው፣ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ።

ወደ ሐኪሞቹ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። በ319 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. 931፣ ባግዳድ ውስጥ አንድ ሰው በሐኪም ስሕተት ሞተ። ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ወሬው ሲደርሰው ዋና ሐኪሙ ሲናን ኢብን ሣቢት ፈትኖ ያላሳለፈው ማንም እንዳያክም አዘዘ። በከተማዋ ሁለት ወገን የተፈተኑት 860 ያህል ሆኑ፤ በዝና የታወቁትና የኸሊፋው ሐኪሞች ሳይቆጠሩ ማለት ነው።

ከተፈታኞቹ አንድ አለባበሱ ያማረ፣ ግርማ ያለው ሽማግሌ መጣ። ሲናን አክብሮ አጠገቡ አስቀመጠው። ሌሎቹ ተፈትነው ሲወጡ ሲናን ለሽማግሌው ከእርስዎ አንድ ነገር መስማት እፈልጋለሁ፣ መምህርዎ ማን ነበሩ አለው። ሽማግሌው ከእጅጌው ወርቅ አውጥቶ ፊቱ አኖረና እውነቱን ተናገረ፦ ማንበብና መጻፍ በደንብ አልችልም፣ ቤተሰብ አለኝ፣ እንጀራዬን አትቁረጥብኝ። ሲናን ሳቀ። እሺ፣ ነገር ግን የማታውቀውን በሽታ አትንካ፣ ደም አታስፈስስ፣ ለቀላል ሕመም ካልሆነ በቀር የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትዘዝ አለው። ሽማግሌውም ዕድሜ ልኬን ከሆምጣጤና ማር ሽሮፕ፣ ከጽጌረዳ ሽሮፕም አልፌ አላውቅም አለ። በማግስቱ አንድ ለግላጋ ወጣት ለፈተና ቀረበ። ማን ዘንድ ተማርክ? አባቴ ዘንድ። አባትህ ማን ናቸው? ትናንት እዚህ የነበሩት ሽማግሌ። ሲናን መልካም ሰው ናቸው፣ አንተም በእሳቸው መንገድ ነህ? አዎን። እንግዲያው ከእሷ አትለፍ ብሎ አሰናበተው።

ይህን ሳነብ ሁሌም እስቃለሁ፤ ደግሞም ይከነክነኛል። ፈታኙ ያየው የአንድን ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ በሽተኛው ደግሞ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ሁለቱ ሲጋጩ ሲናን የመረጠው መካከለኛ መንገድ ነበር፦ ልክህን እወቅና እዚያው ቁም። ሲናን ራሱ በዚያን ጊዜ ገና ሙስሊም አልነበረም፤ ከሐራን ሳቢያኖች ወገን ነው፣ ኋላ ነው የሰለመው። የመድኃኒት አዘገጃጀት መጽሐፉ በሆስፒታሎችና በመድኃኒት ቤቶች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ሳቡር ኢብን ሰህል (እ.ኤ.አ. 869 የሞተ) ክርስቲያን ነው። በ1260 ካይሮ ውስጥ ለልጁ ብሎ «ሚንሃጁ-ድ-ዱካን» የተባለውን፣ መድኃኒት እንዴት እንደሚለቀም፣ እንደሚቀመጥና እንደሚፈተን የሚያስተምረውን መጽሐፍ የጻፈው ኩሂን አል-ዐጣር ደግሞ አይሁዳዊ ነበር። የእስልምናው ዓለም ጥበቡን ከማንም ተቀብሏል፤ የጠየቀው አማናን ነው።

ለዚህም መሠረት ነበረው። ሕክምና ሳይታወቅለት ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸው በአቡ ዳውድና በሌሎችም ተዘግቧል። ፉቀሃዎች ዳሚን ይሉታል፤ ካሣ ከፋይ ማለት ነው። «አስቤ ለበጎ ነው የሰጠሁት» ማለት አያድነውም።

ተቆጣጣሪውስ ማን ነበር? ሙሕተሲብ ይባላል፤ ገበያውን የሚጠብቅ ሹም። ሚዛን ያያል፣ ዳቦ ያያል፣ መድኃኒትም ያያል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሽ-ሸይዘሪ የተባለ ሰው ለሙሕተሲቦች የሥራ መምሪያ ጽፏል። ለመድኃኒት ሻጮች ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶ ሙሕተሲቡ በየሳምንቱ ዕቃቸውን እንዲፈትሽ ያዝዛል። በየሳምንቱ! ከዚያም ማታለያዎቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ኦፒየም በሌላ ተክል ጭማቂና በሙጫ ይቀላቅሉታል፤ በውሃ ስታሟሟው በሽታው ታውቀዋለህ ይላል። ዛዕፈራን ደግሞ ምን እንደሚያደርጉት ታምናላችሁ? የዶሮ ፈረሰኛና የከብት ሥጋ ቀቅለው፣ እንደ ክር ሰነጣጥቀው፣ በዛዕፈራን ቀለም ነክረው ይደባልቁበታል። መለያው ሆምጣጤ ነው፤ ሆምጣጤ ውስጥ ስትጨምረው ከተኮማተረ ሥጋ አለበት።

እንግዲህ አስቡት። ይህን ማወቅ የሚችለው ሹሙ ብቻ አይደለም፤ ሐቀኛው መድኃኒት አዋቂ ራሱ ከአስመጪው ሲገዛ ይህን ማወቅ አለበት። ቅን መሆን ብቻውን አይበቃውም። ልቡ ንጹሕ ሆኖ የሥጋ ክር በዛዕፈራን ዋጋ ገዝቶ ሊሸጥ ይችላል። አላውቅም ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል፣ አውቃለሁ ለማለት ደግሞ ትምህርት።

ትምህርቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለን። ያ የአፍሺንን ታሪክ ያቆየልን ኢብን አቢ ኡሰይቢዐ በወጣትነቱ የኢብኑል በይጣር ተማሪ ነበር። ኢብኑል በይጣር ከአንደሉስ፣ ከማላጋ ተነሥቶ ሰሜን አፍሪቃን አቋርጦ ግብፅ የገባ፣ እዚያም የዕፅዋት ባለሙያዎች ሁሉ አለቃ ተደርጎ የተሾመ ሰው ነው። ከ1,400 በላይ መድኃኒቶችን በፊደል ተራ የዘረዘረ መጽሐፍ ትቶ በ1248 ደማስቆ ሞተ። ተማሪው እንደሚነግረን በደማስቆ ዙሪያ አብረው እየዞሩ ተክሉን በበቀለበት ቦታ ያዩ ነበር። መምህሩ አንድ መድኃኒት ሲነሣ መጀመሪያ ግሪኩ ዲዮስቆሪዶስ ያለውን፣ ቀጥሎ ጋሊኖስ ያለውን፣ ከዚያ የኋለኞቹ የተለያዩበትን በቃሉ ይናገራል። በየትኛው ምዕራፍ፣ በስንተኛው ተራ ቁጥር እንዳለ ሳይቀር ይጠቅሳል። ተማሪዎቹ ቤት ገብተው መጽሐፉን ሲገልጡ ልክ እንዳለው ያገኙታል።

ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ አል-ቢሩኒ በጋዝና ከተማ፣ ዕድሜው ሰማንያን ሊያልፍ ሲል፣ «ኪታቡ-ስ-ሰይደና» የተባለ የመድኃኒት መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር። አንድን መድኃኒት በዐረብኛ፣ በግሪክ፣ በሱርያኒ፣ በፋርስ፣ በህንድ ምን እንደሚባል እያነጻጸረ ይጽፋል። ለምን ደከመ? ያው የሰቀጢሳ ችግር ነው፤ ስም ሲምታታ ሰው ይሞታል። «ሰይደናኒ» የሚለው ቃል ራሱ ሰንደል ከሚባለው ሽታ ያለው እንጨት እንደመጣ ይናገራል። ዐረብ አገር ሠርታችሁ የተመለሳችሁ እህቶች መድኃኒት ቤቱን «ሰይደሊያ» ስትሉ የምትጠሩት ያንኑ ቃል ነው። የሳል «ሽሮፕ» የምንለውም በላቲን በኩል ዞሮ ይምጣ እንጂ ሥሩ ዐረብኛው «ሸራብ» ነው።

አውሮፓ ውስጥ ሥራው በሕግ የተለየው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ቀድሞ በሙስሊሞች ትገዛ የነበረችው ሲሲሊ ንጉሥ ፍሬድሪክ ሁለተኛ ሐኪም የመድኃኒት ሱቅ እንዳይኖረው፣ ከመድኃኒት ቀማሚ ጋርም እንዳይሻረክ ከለከለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚያዝዘውና የሚሸጠው አንድ ኪስ ከሆኑ በሽተኛው ገበያ ይሆናል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ዘመናዊው የፋርማሲ ትምህርት ቤት በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ሙያውን የሚመለከተው ደንብ በ1964 ተከተለ። ከዚያ በፊት መድኃኒት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ቅጠል አዋቂው ነበረ፣ የገበያው ቅመም ሻጭም ነበረ። ደንቡ ያመጣው ነገር ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ሰው በስሙ ተመዝግቦ በስሙ መጠየቁን ነው።

ዛሬ የአምስት ዓመቱ ትምህርት ምን ይዟል? መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን የሚያጠናው ፋርማኮሎጂ አለ። ክኒንና ሽሮፕ እንዴት እንደሚሠራ አለ። ኬሚስትሪው አለ። ፋርማኮግኖሲ የሚባለው፣ ከዕፅዋት የሚገኙ መድኃኒቶች ትምህርት፣ የኢብኑል በይጣር ወንበር ነው። በመጨረሻ ሆስፒታል ገብቶ ከሐኪሞች ጋር በሽተኛ ማየት አለ። ከዚያ የመውጫ ፈተና፣ ቀጥሎ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና፣ ከዚያ የሙያ ፈቃድ። ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል።

ለክኒን ቆጠራ ይህ ሁሉ? ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። ሃይድራላዚን የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ ሃይድሮክሲዚን የማሳከክ። የተጣደፈ ሐኪም በእጁ ሲጽፋቸው መንትያ ይመስላሉ። አል-ቢሩኒ አምስት ቋንቋ የደረደረው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ሌላው፦ የልብ ሕመም ያለባት እናት ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን እየወሰደች ሳለ ሆዷን አሟት ሜትሮኒዳዞል ልትገዛ ትመጣለች። ለብዙዎቻችን ተራ መድኃኒት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ደሟ ከልክ በላይ ሊቀጥንና ሊፈስሳት ይችላል። ባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ እናቴ?» ብሎ ካልጠየቀ ማን ይጠይቃታል?

አንድ የሚያሳፍር ነገር ደግሞ ሳላነሣ አላልፍም። ተመርቆ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ወረቀቱን ለባለ ሱቅ አከራይቶ በወር በወር ገንዘብ የሚቀበል፣ እሱ ግን ሌላ ቦታ ሌላ ሥራ የሚሠራ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ የእሱ ነው፤ መድኃኒቱን የሚሰጠው ሳይማር የተቀጠረ ልጅ ነው። ኪራዩ ሐላል ነው ወይ ብላችሁ ዑለሞችን ጠይቁ፤ እኔ ፈትዋ አልሰጥም። እንደ ታሪክ ሰው ግን ይህን እላለሁ፦ አፍሺን ጽሑፉን የሰጠው ለተፈተነው ሰው ነው፣ ለድንኳኑ አልነበረም። መስጊድ በር ላይ አንድ ጠርሙስ ለስኳርም፣ ለግፊትም፣ ለመካንነትም ብሎ የሚሸጠውም ወንድማችን አንድ ቀን «ሰቀጢሳ አለህ?» ቢባል ምን እንደሚመልስ እንጃ።

ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ የታመመች አክስቴን ማዘዣ ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቤት «ይኸው፣ ያው ነው» ብሎ ሌላ ስም ያለው ፓኬት አቀረበልኝ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ቤት ሒጃብ የለበሰች ወጣት ፋርማሲስት ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ወንድሜ፣ ይህን ጽሑፍ እርግጠኛ ሆኜ ማንበብ አልቻልኩም» አለችኝ። ማዘዣው ላይ ያለውን ስልክ ደውላ ሐኪሙን አገኘችው፣ ስሙን ፊደል በፊደል ጠየቀችው፣ በትልልቁ በሌላ ወረቀት ጻፈችልኝ። ከዚያም «እኔ ጋ የለም፤ ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ቤት ሳይዘጋ ድረስበት» ብላ ላከችኝ። ከእሷ አንድ ብር እንኳ አልገዛሁም። አሁን ቤተሰባችን በሙሉ መድኃኒት የሚገዛው ከእሷ ነው።